በሁለቱ ማስታወቂያዎቻችን መካከል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው ከዜናውና ከአስተያየቱ ገጾች አልፎ ወደ ማስታወቂያዎቹ ሲደርስ ሁለት ዓይነት መልእክቶችን ማግኘቱ አይቀርም። አንደኛው በፎቶግራፍ የታጀበው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሆን፣ የባንክ ኃላፊ ሆኖ ለተሾመ ወይም የዶክትሬት ዲግሪ ለተቀበለ ሰው የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ የሚያወጡት ነው፤ ሁለተኛው በጥቁር መስመር የተከበበው የሐዘን መግለጫ ነው። የእኛ ክፍል ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሁለቱንም አውጥቷል። የሁለቱንም ረቂቅ የጻፍኩት፣ መዋጮውን የሰበሰብኩትና ደረሰኙን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሁለቱ ማስታወቂያዎች መካከል ስለ ሆነው ነገር፣ በተለይም በገዛ እጄ ስላዘጋጀሁት አንድ ቅጽ ነው፤ ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ሌሎች የተመራቂዎች ኮሚቴዎች ተመሳሳይ ቅጽ ከመበተናቸው በፊት ታሪኩን ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

እኛ «ኮሜርስ» ብለን የምንጠራው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ኮሌጅ ከጠላት ወረራ ማግሥት ጀምሮ ለአገሪቱ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ያዥ፣ ጸሐፊና የግዥ ሠራተኛ ሲያፈራ የኖረ ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በ1986 ዓ.ም. በዲፕሎማ ስንመረቅ ዘመኑ እየተለወጠ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ባንክ ሁሉ የመንግሥት ስለ ነበረ፣ ከእኛ በፊት የወጡት ተመራቂዎች ንግድ ባንክ፣ ብሔራዊ ባንክ፣ ልማት ባንክ ወይም ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ካልገቡ የባንክ በር አያውቁም ነበር። የግል ባንክ እንዲቋቋም የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 84 የወጣው እኛ በተመረቅንበት ዓመት በጥር ወር ሲሆን፣ በ1987 አዋሽ፣ በ1988 ደግሞ ዳሸንና አቢሲኒያ ሥራ ጀመሩ። አንድ ዓይነት ውጤት ይዘው የወጡ ሁለት ልጆች መካከል አንዱ «የመንግሥት እንጀራ አይቋረጥም» ብሎ ባለበት ሲቀር፣ ሌላው በአዲሱ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆኖ ገብቶ በአሥር ዓመት ውስጥ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ በዝቅተኛ ወለድ በሚሰጠው የሠራተኛ ብድርም ቤት ሠራ። ባንክ ቤት ሳይገባ የቀረው ደግሞ እስከ ዛሬ የኪራይ ቤት ይቀያይራል። ይህን የማነሣው ማን የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ የጉብዝናን ያህል የአንድን ዓመት አጋጣሚ የሚለካ መሆኑን ከመካከላችን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ብናውቀውም ጥያቄውን እርስ በርስ ከመጠያየቅ አልቦዘንንም።

ሠላሳኛ ዓመታችንን በ2016 ዓ.ም. ለማክበር አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሲመረጥ፣ ሴክሬታሪያል ሳይንስ የተማረች ሴት እያለች ሌላ ማን ይጽፋል ተብሎ ጸሐፊነቱ ያለ ድምፅ ለእኔ ደረሰኝ። (ሰብሳቢያችን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቃለ ጉባኤ በራሱ እጅ ጽፎ የሚያውቅ አይመስለኝም።) የመጀመሪያ ሥራዬ ለሚታተመው መጽሔት የእያንዳንዱን ሰው ወቅታዊ መረጃ መሰብሰብ ነበርና በቴሌግራም የሚላክ ቅጽ አዘጋጀሁ። ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ አገርና ከተማ፣ የመጨረሻ የትምህርት ደረጃ፣ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤትና የኃላፊነት ደረጃ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት የሚሉ ስድስት ጥያቄዎች ነበሩት። ከሃያ ዓመት በላይ በሰው ኃይል አስተዳደር የሠራሁ ሴት ስለሆንኩ ቅጹ የአንድ ሠራተኛን የግል ማኅደር ይመስል ነበር፤ ጠረጴዛ ተጋርተን ከአንድ ጣሳ ቆሎ የበላነውን ልጆች «እርስዎ» እያልኩ መጠየቄም ያን ጊዜ የሥርዓት ምልክት ሆኖ ታይቶኛል።

ሰዎቹን ማግኘቱ ከፈራነው ይልቅ ቀለለን። አንድ ጓደኛችን ውጤታችን የተለጠፈበትን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ ነቅሎ ሠላሳ ዓመት አስቀምጦት ኖሯል፤ በእሱ ላይ ካሉት 48 ስሞች አምስቱ ቀደም ብለው አርፈዋል፣ 36ቱን አገኘን፣ ሰባቱ የት እንዳሉ አልታወቀም። በአገራችን ሴት ስታገባም በአባቷ ስም ስለምትቀጥል የሴቶቹ ፍለጋ ከባድ አልነበረም፤ ያስቸገሩን ወደ ውጭ ሄደው በባላቸው ስም የተመዘገቡት ብቻ ናቸው። ካገኘናቸው 36 ሰዎች ቅጹን ሞልተው የመለሱት 27 ናቸው።

መልሶቹን በሠንጠረዥ ሳስቀምጥ ባዶ የተተወው ቦታ እየበዛ ሄደ። አዲስ አበባ ያሉት ወንዶች አራተኛውን ጥያቄ ከነቀድሞ ሹመታቸው ዘርዝረው ሲሞሉ ለልጆቻቸው አንድ ቁጥር ብቻ አስቀምጠዋል። አሜሪካ ያሉት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኑ፤ የሥራውን ቦታ ዘለው ስለ ልጆቻቸው ቅጹ እስኪጠብ ጽፈዋል። የክፍላችን አንደኛ የነበረው ልጅ፣ ዲቪ እንደተጀመረ ሰሞን ደርሶት የሄደው፣ ሴት ልጁ ፋርማሲ ስትመረቅ የተነሣችውን ሰባት ፎቶግራፍ ልኮ አራተኛውን ጥያቄ አልነካውም። ስደውልለት ስቆ «እህቴ፣ የሰው መኪና ነው የማቆመው ብዬ ልጻፍልሽ?» አለኝ። ዋሽንግተን ውስጥ ከምድር በታች ባለ ጋራዥ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ሁለት ልጆች አሳድጓል። ኮሜርስ ሳለን ማታ ማታ ባዶ ክፍል ፈልጎ፣ ጠመኔ ይዞ፣ ኮስት አካውንቲንግን ለሁላችንም የሚያስረዳው እሱ ነበር፤ ከመካከላችን ዛሬ የባንክ ኃላፊ የሆኑት ቢያንስ ሁለቱ ያንን ፈተና ያለፉት በእሱ ጠመኔ ነው።

ሁለቱም የእኛ ክፍል ልጆች የሆኑ ባልና ሚስት አሉ። እሱ በማታው ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ የመምሪያ ኃላፊ ሆኗል፤ እሷ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ የቤት ሠራተኛ ጠፍታ ሥራዋን ለቃለች። ከሴክሬታሪያል ክፍላችን በታይፕ ፍጥነት የሚወዳደራት አልነበረም፤ የባሏን የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተየበችውም እሷ ናት። በቅጹ ላይ በአራተኛው ጥያቄ ፊት ለፊት የጻፈችው አንድ ቃል ነው፦ «ምንም»። ሌላዋ በስድስተኛው ጥያቄ ላይ ዜሮ ብላ ስትሞላ፣ ቅጾቹ ለጋራ ይታዩ የነበረ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብሎ ጻፈላት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። መልካም ምኞት መሆኑን ባልጠራጠርም፣ አሥራ አንዱን ተራ በተራ ስታነብ የዋለችው እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ አራት ወንድሞችና እህቶቿን ያስተማረችው ጓደኛችን ደግሞ የሌሎቹን ሹመት አንብባ ስትጨርስ ቅጹንም ሳትሞላ፣ ደኅና ሁኑም ሳትል ከቡድኑ ወጣች፤ የስልክ ቁጥሯንም ወዲያው ቀየረች።

አሁን ወደ ሐዘን መግለጫው ልምጣ። ያረፈው ወንድማችን የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ከአንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚነሣባትና የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈተ። የእኔን ቅጽ ከሁሉም ቀድሞ፣ አንድም ቦታ ሳያጎድል የሞላልኝ እሱ ነው፦ «የግል ሥራ»፣ «ያገባ»፣ «2»። ምንም የሚጠየቅ ነገር ስላልነበረው ምስጋና ልኬለት አለፍኩ። በሰኔ ለበዓሉ መጥቶ ከእኛ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ቶሎ ወደ ቤቱ መሄዱንና ምግብ አለመንካቱን የተናገርነው ከሞተ በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር ለቅሶ ስንደርስ ከ2014 ጀምሮ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ በእጥበት ይኖር እንደ ነበር ባለቤቱ ነገረችን። በሳምንት ሦስት ጊዜ ታዞለት አቅሙ የሚፈቅደው ሁለት ጊዜ ነበር። የዕድሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ገንዘብ አሰባስበውለታል። እኛ ጋ ግን ከበዓሉ የተረፈ 64 ሺህ ብር በባንክ ተቀምጦ ነበር፤ የአሜሪካዎቹ መዋጮ በ57 ብር አካባቢ ታስቦ በጀት ከተያዘ በኋላ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላሩ ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ስላለፈ የተገኘ ትርፍ ጭምር ነው። ኮሚቴው በገንዘቡ ለሚቀጥለው ዓመት ቲሸርት ይታተም ወይስ ኮት ይሰፋ እያለ ሁለት ስብሰባ ጨርሷል፤ ቃለ ጉባኤው እጄ ላይ አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የዕድሩ ሊቀመንበር የሟችን ዱቤ የሚያውቅ ሰው ሲጠይቁ ልጁ ከቤት አንድ ትልቅ መዝገብ ይዞ ወጣ። ከእኛ መካከል ሒሳብ የሚያውቅ ይየው ተባለና በ2015 የእንኳን ደስ ያለህ ማስታወቂያ ያወጣንለት ጓደኛችን መነጽሩን አድርጎ ይገልጠው ጀመር። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ገጹ በሙሉ መምህራችን እንዳስተማረን የተሠራ ነው፤ ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት፣ ከድምሩ በታች በማስመሪያ የተሰመሩ ሁለት መስመሮች። የወረቀት፣ የቀለም፣ የኪራይ ወጪ አለ፤ «እጥበት» የሚል ቃል በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። በሰኔ 2015 ገጽ ላይ፣ ልዩ ልዩ ወጪ በሚለው ሥር፣ «ለእንኳን ደስ ያለህ ማስታወቂያ መዋጮ፣ 500» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ሳምንት እጥበት የተመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ በሌላው ምክንያት ሆነ ብዬ መደምደም አልችልም፤ ሱቁም በዚያ ሰሞን ገበያ ቀዝቅዞበት እንደ ነበር ከገቢው መስመር ይታያል። ጓደኛችን መዝገቡን ዘግቶ ለልጁ መለሰለትና ያን ምሽት ከእኛ ጋር ሳይወጣ ድንኳኑ ውስጥ አደረ። የሟች ባለቤት በማግሥቱ፣ ለምን እንዳልተነገረን ስንጠይቃት፣ «የደስታቸው ጊዜ ነው፣ አታስጨንቂብኝ ይለኝ ነበር» ብላ መለሰችልን።

የሐዘን መግለጫውን ስንጽፍ «ምን ሆኖ ነበር እንበል?» በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። አንዱ «የታወቀ ነጋዴ» ይባል አለ፤ ሌላው «የቀድሞ የፋይናንስ ባለሙያ» ይሻላል አለ። ጓደኛችን ሞቶም እንኳ አራተኛውን ጥያቄ ልናስሞላው እየጣርን መሆኑ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ «የክፍል ጓደኛችን» ብቻ ተብሎ ወጣ። በጋዜጣችሁ ዋጋ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ግን ለሹመቱ ሩብ ገጽ፣ ለሞቱ የዚያን ግማሽ መግዛታችንን ሁለቱን ደረሰኞች ጎን ለጎን እስካያይዝ ድረስ አላስተዋልኩም ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ ሳቀርብ «ታዲያ ሹመታችንን እንደብቅ?» አሉኝ። መደበቅ የለበትም። ማን የት እንዳለ በመታወቁ የሦስት ጓደኞቻችን ልጆች የተግባር ልምምድ የሚያደርጉበት መሥሪያ ቤት አግኝተዋል፤ ለኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ክፍያ የተጨነቀች አንዲት እህታችንም ብድሩን እንዴት እንደምትጠይቅ የነገራት በዚሁ መንገድ የተገናኘችው ጓደኛችን ነው። በሌላ በኩል «የጤንነት ሁኔታ» የሚል ሰባተኛ ጥያቄ እንጨምር ያሉም ነበሩ፤ ይህን አጥብቄ ተቃወምኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ሕመሙን ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ፈርቶ ነው የሚናገረው፤ 36 ሰው በሚያየው ቅጽ ላይ ገበናውን ይዘርዝር ማለት የባሰ ነገር ነው። ገበና የሚነገረው ለአንድ ሰው፣ እሱም በስልክ ወይም በቡና ላይ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የተስማማበት ነገር ቀላል ነው። «እርስዎ» የሚለው ቀርቶ አንተና አንቺ ተባለ። «የሚሠሩበት መሥሪያ ቤትና የኃላፊነት ደረጃ» የሚለው ተሰርዞ «ውሎህ የት ነው?» የሚል ገባ፤ የጋብቻውና የልጆቹ ጥያቄ ወጥቶ «ከማን ጋር ትኖራለህ?» በሚል ተተካ። መልሱ ለሁሉም የሚታይ መሆኑ ቀርቶ መልስ ሰጪው የፈቀደው ብቻ ይለጠፋል። እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ሰው ተከፋፍለን በሁለት ወር አንድ ጊዜ እንደዋወላለን፤ መጻጻፍ አይቆጠርም። ከመዋጮው ግማሹ የችግር ጊዜ ገንዘብ ሆኖ በሁለት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ ማን እንደወሰደ ከሁለቱ በቀር እኔም ጸሐፊዋ አላውቅም። የእንኳን ደስ ያለህ ማስታወቂያ በክፍሉ ስም እንዳይወጣም ተወስኗል፤ የጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ክፍል ይህን አንብቦ እንደማይደሰት እገምታለሁ። ሁለት አባሎቻችንም «ክብር ያለው ነገር ቀረ» ብለው አኩርፈው መዋጮ አቁመዋል፤ ስልክ ግን ያነሣሉ።

አዲሱ ቅጽ እስካሁን 31 ሰው ጋ ደርሶ ተመልሷል። «ምንም» ብላ የነበረችው ጓደኛችን ስለ ውሎዋ አሥራ ሁለት መስመር ጽፋለች፤ ከእነዚህ ውስጥ ባሏም እኔም የማናውቀው፣ ለሰፈሯ ሰዎች ማመልከቻ በነፃ እየተየበች የምትሰጥ መሆኗ ይገኝበታል። ዜሮ የሞላችው «ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፣ ዓይኗ ስለማያይ ጋዜጣ አነብላታለሁ» ብላለች። የዋሽንግተኑ ደግሞ «ከምድር በታች ሦስተኛ ፎቅ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ፤ ሒሳብ የሚቸግረው ልጅ ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ይደውል» ብሎ ጽፏል። እስከ አሁን የሁለት ጓደኞቻችን ልጆች ደውለውለታል።

የቤሩቷ እህታችን ግን አልተገኘችም። ወደ አገር ቤት ተመልሳ ጎተራ አካባቢ እንደምትኖር አንድ ሰው ነግሮኝ ሁለት ቅዳሜ ፈልጌ አጣኋት። ዝግጅት ክፍላችሁ ይህን ደብዳቤ ካተመው፣ በ1985 መጀመሪያ ታይፕ ክፍሉ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ማሽን የእሷ የነበረችውና የተጣበቀውን የ«ሸ» መምቻ በፀጉር መያዣ እያነሣች ታሠራው የነበረችው ጓደኛዬ እኔ መሆኔን ታውቃለች። የሚሞላ ቅጽ የለም። የቢሮ ስልኬ ተለውጧል፤ የቤቱ ግን ያው በደብተሯ ጀርባ የጻፍኩላት ቁጥር ነው፣ ከፊቱ 011 እና አንድ አኃዝ ብቻ ተጨምሮበታል።

የ1986 ዓ.ም. ተመራቂዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
ከአዲስ አበባ